ለኔስታ ልጅ «አብሽር» ልል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ዋይት ሃውስን አየሽው ወይ? አላየሁትም። ዋሽንግተን ዙሪያ ሰንብቼ መሀል ከተማውን ሳልረግጥ ተመልሻለሁ። ይህን ስል ፊታቸው ላይ የሚታየው ሐዘን ለቅሶ ሊደርሱኝ የመጡ ያስመስላቸዋል። «ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ይላሉ። ዌልሽ የሚባል ቋንቋ ላወራ ነው የሄድኩት ስላቸው ደግሞ ጡረታ ጭንቅላቴን የነካኝ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሁሉ ይህን አንብብ እለዋለሁ።

ዌልስ ከእንግሊዝ ጋር የምትጎራበት፣ በግና ዝናብ የበዛባት አገር ናት። የራሷ ቋንቋ አላት፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ቢሰማው አንዲት ቃል አይገባውም። ከአይሪሽና ከስኮትላንድ ጌሊክ ጋር ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ አማርኛና አርጎብኛ እንደሚዛመዱት ማለት ነው። በአንድ ላይ ኬልቲክ ቋንቋዎች ይባላሉ። እነዚህን ቋንቋዎች በኢንተርኔት እየተገናኘን አብረን የምንማር ጥቂት ሰዎች አለን፤ ግማሾቻችን ዌልሽ፣ ሌሎቹ አይሪሽና ጌሊክ። በየቅዳሜው እንገናኛለን። እነሱ ዘንድ ረፋድ ሲሆን እኔ ዘንድ ወደ መግሪብ ነው። አዛን ሲል ትምህርቱ ይቆማል፤ እኔ እሰግዳለሁ፣ እነሱ ሻይ ያፈላሉ፣ ተመልሰን እንቀጥላለን።

ቡድኑን የጀመረችው አብሮ አደጌ ዘይነባ ናት። በዲቪ ወጥታ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። ከእነሱ አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት እማማ ኔስታ ናቸው። በወጣትነታቸው ከዌልስ መጥተው፣ አሜሪካዊ አግብተው፣ አንድ ልጅ ወልደው እዚያው አረጁ። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው በኋላ እንግሊዝኛው ቀስ በቀስ ጠፋባቸውና የቀረላቸው የልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ሆነ። ልጃቸው ኦወን ግን ቋንቋውን አያውቅም፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው እንግሊዝኛ ስለነበር አልለመደውም። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ከውሃ መስመር ኢንጂነርነት ጡረታ የወጣ ትልቅ ሰው፣ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የምትለው አይገባውም ነበር። ዘይነባ ይህን ማየት አልቻለችም። እኔም ልማር፣ አንተም ተማር አለችው። ሌሎቹን በኢንተርኔት አገኘናቸው። እኔ ደግሞ ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ ቤት ስቀመጥ «ምን ትሠሪያለሽ ቁጭ ብለሽ» ብላ ጎትታ አስገባችኝ።

የገባሁት ለእሷ ብዬ ነው፤ የቆየሁት ግን በራሴ ምክንያት ነው። የአባቴ እናት አርጎብኛ ተናጋሪ ነበሩ። አንዳችንም ሳንማርላቸው ሞቱ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ደሴ ኢንተርኔት የጠፋባት ጊዜ ነው። ለወራት ከዓለም ተቆርጠን ስንመለስ፣ ጓደኞቼ መጽሐፉን ጨርሰው ሌላ ጀምረዋል ብዬ ነበር። ስገባ ያቆምኩበት ምዕራፍ ላይ አገኘኋቸው። ያንኑ እየከለሱ ጠብቀውኛል። አልቅሼ ስጨርስ ትምህርቱን ካቆምንበት ቀጠልን።

አሁን ስለ አሠራራችን ልንገራችሁ፤ የምኮራበት ነው። አንድ ቅዳሜ ኦወን አንድ ወሬ ጀምሮ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ፊቱ ቀልቶ ካሜራውን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ እኔና ዘይነባ ሳንማከር ተያየን። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲመርቅ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መራቂው ረጅም ንግግር አያደርግም። አጭር ነገር ይልና ያቆማል፣ የተሰበሰበው ሰው አሚን ይላል፣ እሱም በሰው አፍ ተደግፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህንኑ አስረዳነው። አንድ አጭር ነገር በል፣ አቁም፣ እኛ እንቀበልሃለን። ትክክል ይሁን ስህተት መቀበላችን አይቀርም፤ እርማት የሚፈልግ በማግስቱ ይጠይቃል። አሚን ማለት የከበዳቸው ስለነበሩ «አብሽር» በሚለው ተስማማን። ትርጉሙ አይዞህ ነው አልናቸው። ሴትም ስትናገር «አብሽር» ይላሉ፤ «አብሽሪ» በሉ ብዬ ደክሜ ትቼዋለሁ። እንዲህ እየተቀባበልን አፋችንን ፈታን።

ኦወንም አፉን ፈታ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከእኔ ጋር ለብቻ በስልክ ይለማመዳል፤ ስለ አትክልቱ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ በዌልሽ ያወራኛል። እናቱ ፊት ሲቀርብ ግን ይዘጋበታል፤ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። ባለፈው የጸደይ ወራት እማማ ኔስታ ከነቁበት የሚያንቀላፉበት ሰዓት እየበዛ መጣ። አንድ ማክሰኞ ኦወን ልምምዱን አቋርጦ «ሳላወራት ብትሞትብኝስ?» አለኝ። መጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ አልኩት። ቪዛው በዘይነባ ግብዣ ሲሳካ ከእኔ በላይ የደነገጠ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ከደሴ ተነስቼ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ማታውኑ ደግሞ ወደ ዋሽንግተን። ለእማማ ኔስታ ስጦታ ከወረኢሉ የመጣ ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ይዣለሁ፤ ወፍራም፣ የበግ ጠረኑ ያልለቀቀው። አጠገቤ የተቀመጡት ፌርፋክስ የሚኖሩ የጎንደር ሰው ነበሩ። ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው ብለው ጠየቁኝና ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ፤ ሻያቸው ጭኔ ላይ ተደፋ። «እኛ ልጆቻችን አማርኛ እምቢ ብለውናል፣ አንቺ ከደሴ ተነስተሽ ዌልሽ?» አሉ። ተናድጄ ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ ጃኬታቸውን አልብሰውኝ እሳቸው በብርድ ተንቀጥቅጠው አደሩ፤ ስንወርድም ሻንጣዬን ጎትተው ሰልፉ ድረስ አደረሱኝ። በዚህ ይቅር ብያቸዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት አየር ማረፊያው ላይ አንድ መኮንን የመጣሁበትን ምክንያት ጠየቀኝ። ጓደኞቼን ለማግኘትና ዌልሽ ለማውራት አልኩት። ፓስፖርቴን አየ፣ ሂጃቤን አየ፣ እንደገና ፓስፖርቴን አየ። እስቲ የሆነ ነገር በዪ አለኝ። ደህና አደርክ፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ እኔ አስተማሪ ነበርኩ አልኩት በዌልሽ። እሱ ቋንቋውን አያውቅ፣ ውሸቴን ይሁን እውነቴን በምን ይለያል? ግን ሳቅ ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። እንዲህ ደረቴን ነፍቼ የገባሁበት አገር የለም።

ዘይነባ በሥራ ልብሷ ቆማ ጠበቀችኝ። ተቃቅፈን ተላቀስን፣ ከዚያ መኪናዋን የት እንዳቆመች ጠፍቷት ፓርኪንጉን ዞርነው። ደሴ ውስጥ ሰው ይጠፋል እንጂ መኪና ሲጠፋ አላየሁም፤ እዚህ ግን የፓርኪንጉ ስፋት የእኛን ገበያ ያክላል። ቤቷ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ፎቅ በፎቅ ነው። ሊፍት ውስጥ የገቡት ሦስት ሴቶች በአማርኛ ስለ አንድ ሠርግ እየተነታረኩ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ሰላምታ ሰጥተው ንትርካቸውን ቀጠሉ። አንዷ ስትወርድ ለእንግዳ ብላ ከዘንቢሏ ሁለት ማንጎ እጄ ላይ ጣል አድርጋልኝ ሄደች። ስሟን እንኳ አላውቅም።

የዘይነባ ልጅ ኢማን የኮሌጅ ተማሪ ናት። በአማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ሆኖም አልጋዋን ለእኔ ለቃ ሶፋ ላይ ነው የተኛችው። አይሆንም ብዬ ብከራከር «ኢትስ ፋይን፣ አክስቴ» ብላ ትራሱን አስተካከለችልኝ። ሩዝ በሥጋ በልተን፣ ኢሻ ሰግደን፣ እንደ በሬ ተኛሁ።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ጉድ ደረሰ። ዘይነባ ባናውን ስታሸተው የበግ ጠረን አላት። አሜሪካኖች ሽታ ላይ ደካሞች ናቸው ብላ፣ እኔ ሳልነቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ማድረቂያው ውስጥ። ሲወጣ የሕፃን መጠቅለያ አክሎ ወጣ። ሁለት ሰው ያለብስ የነበረ ባና።

«ሙቀቱን ሎው ላይ ነበር ያደረኩት ወላሂ» አለች ዘይነባ።

ባናውን ወስጄ አጣጠፍኩት። ኩርፊያዬን ግን ታውቀዋለች። ቀኑን ሙሉ ስትለማመጠኝ ዋለች፤ ሴቨን ኮርነርስ ወስዳ ከሱቅ ሱቅ አዞረችኝ። እዚያ የቬትናሙም፣ የላቲኑም፣ የእኛም ሰው ጎን ለጎን ይነግዳል። ሥጋ ቤቱ በአማርኛ፣ ቅመም ቤቱ በአረብኛ ሰላም ይላችኋል። ሌላ ባና እገዛልሻለሁ ብላ ፈለገች፤ ከየት ይምጣ? ረፋድ ላይ የቡድናችን ሰዓት ስለነበር ከአንድ ዳቦ ቤት ጥግ ተቀምጠን በስልኳ ገባን። ሌሎቹ እኔንና ዘይነባን በአንድ መስኮት ውስጥ ተቃቅፈን ሲያዩን አጨበጨቡ። ኦወን ግን አላጨበጨበም። ነገ አብረን ምሳ እንበላለን፣ ነገ እናቴን በቋንቋዋ አናግራታለሁ አለ፤ ድምፁ ጠጠር ብሏል።

እሑድ ቤልትዌይ የሚሉትን ሰፊ መንገድ ይዘን፣ ወንዙን ተሻግረን ሜሪላንድ ገባን። ዘይነባ ይህን መንገድ በሥራ ቀን ሁሉ ትመላለስበታለች፤ መኪና እንደ ደለል ተጋግሮ ሲቆም መሪው ላይ እየጠበጠበች የዌልሽ ቃላት ታጠናለች። ሲልቨር ስፕሪንግ መሀሏ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የለጠፉ ሱቆች ሞልተዋል። የእማማ ኔስታ ቤት ግን ዛፍ ከበዛበት ጸጥተኛ መንገድ ላይ ነው። አጥር የለውም። እኛ ሰፈር አጥር የሌለው ቤት ያላለቀ ቤት ነው፤ እዚህ ሁሉም እንዲሁ ተገልጦ ይታያል።

ኦወን በር ላይ ሲያየኝ ስንት ዓመት በስክሪን ያየሁት ሰው መሆኑን ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ፤ በጣም ረጅም ነው። መጀመሪያ ያሳየኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። እንድሰግድበት ምንጣፍ አንጥፎ፣ ወለሉ ላይ በፕላስተር የቂብላውን አቅጣጫ ቀስት ሠርቶልኛል። በኮምፓስ ለክቼዋለሁ አለ። ደሴ ላይ ቂብላችን ወደ ሰሜን ነው፤ እዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው ሲለኝ ዘይነባን አየት አደረኳት። ልክ ነው አለች። ምሳውም የዌልስ ሾርባ ነበር፣ በባሮ ሽንኩርትና በበግ ሥጋ፤ ሥጋውን ሐላል ሱቅ ፈልጎ ገዝቷል። ጨው አብዝቶበታል። ሁላችንም ደገምን።

ከቡድናችን የአሌክሳንድሪያዋ ፓምም መጥታ ነበር። ፓም አይሪሽ ነው የምትማረው፤ ሳቂታ ሴት ናት። ባለፈው ዓመት አየርላንድ ሄዳ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ስትደናቀፍ ደግፋ «አብሽር» አለቻት፤ ቃሉ አይሪሽ መስሏት። ሴትዮዋ የየት አገር ቋንቋ ነው ብትላት፣ ያንቺው ነው፣ ድሮ የሚባል ነበር ብላ አስረድታታለች። ይህን ስታወራ ኦወን እንኳ ፈገግ አለ።

ከምሳ በኋላ የመጣንበት ነገር ደረሰ። እማማ ኔስታ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ በመስኮቱ በኩል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ ናቸው፤ ጸጉራቸው ጥጥ። የጠበበውን ባና ጭናቸው ላይ ሳደርገው ልክ መጣ፤ ጉልበታቸውን ብቻ ሸፈነና ዘይነባ እፎይ አለች። ከዚያ ለእናትና ለልጅ ቦታ እንስጥ ብለን ሁላችንም ሳሎን ወጣን፣ በሩን ገርበብ አድርገን። በክፍተቱ ሲናገር ይሰማናል። ኦወን ለሳምንታት ያጠናውን ረጅም ንግግር ቆሞ ጀመረ። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነበር። እኔ ራሴ አስጠንቼዋለሁ። ግን ለአለቃ ሪፖርት የሚያቀርብ ነበር የሚመስለው። ከመሀሉ አንድ ቃል ጠፋበት። ዝም አለ። እማማ ኔስታ ይህ ከፊታቸው የቆመ ረጅም ሰው ማን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው «ማም፣ ማም» እያሉ የራሳቸውን እናት መጣራት ጀመሩ። ኦወን በእንግሊዝኛ አይዞሽ፣ አይዞሽ ማለት ያዘ። እሳቸው ደግሞ ባሰባቸው። ዘይነባ ሮጣ ገባች።

ኩሽና ውስጥ ድስቱን እያጠበ አገኘሁት። ድስቱ ታጥቦ ካለቀ ቆይቷል።

«አበቃ» አለኝ ሳይዞር። «እናቷን እየጠራች እኔ እንደ ባዕድ ቆምኩ። ከዚህ በኋላ አልሞክርም።»

ከጎኑ ቆሜ ድስቱን ተቀበልኩት። ተመልሰን ስንሄድ ዘይነባ መኪናው ውስጥ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ ተስፋ የሰጠሁት እኔ ነኝ አለች። ይህን ያህል አገር አቋርጬ መጥቼ ሰው የሚሰበርበት ቀን ላይ መድረሴ አንገበገበኝ፤ ስሰግድ ሱጁድ ላይ ሳለሁ እንኳ የኦወን ጀርባ አልጠፋ አለኝ።

ሰኞ ፓም አሮጌው አሌክሳንድሪያ ወሰደችኝ። መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቤቶቹ ጡብ ናቸው፤ ወንዙ ዳር ወንበር አለ። የደሴ አሮጌ ሰፈሮችም ቢጠገኑ እንዲህ ይሆኑ ነበር እያልኩ ሄድኩ፤ ድንጋዩ ግን የጫማዬን ሶል አስለቀቀው። ፓም ሳታመነታ የራሷን አውልቃ ሰጠችኝና መኪናዋ ድረስ በካልሲ ሄደች። ሰው ሁሉ ያያታል፤ እሷ ግድ የላትም። ስንቀመጥ ስለ ኦወን አነሳን። እኔ፣ ንግግሩን አብዝቼ አስጠናሁት አልኳት።

ፓም ወንዙን እያየች፣ ሳሎን ተቀምጬ ስሰማው «አብሽር» ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር አለች። የግል ጉዳያቸው ስለሆነ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ አለችኝ።

ያን ጊዜ ጥፋታችን ገባኝ። እኛ ለክብር ብለን ወጣን፤ በአሜሪካኖች ወግ ሰውየውን ከእናቱ ጋር ለብቻው ተውነው። ዓመታት ሙሉ ሰው እየተቀበለው የለመደውን ሰው ያለ ተቀባይ አስቆምነው። ወሎ ውስጥ ብቻውን የሚመርቅ ሰው ታይቶ ያውቃል? ከፓም አጠገብ ተነስቼ እዚያው ዘይነባ ጋር ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች፤ ነገሩን ነገርኳት።

«ሳሎን ውስጥ ምን እንሠራ ነበር ሰዓዳ?» አለችኝ። «እኛ ነን ኮ ያጠፋነው። ነገ ኢማንንም ይዣት እመጣለሁ፣ ሌሎቹንም ኮል አደርጋቸዋለሁ።»

ኦወንን ማሳመኑ ለእኔ ወደቀ። በስልክ እምቢ አለኝ። እናቴን ሁለተኛ አላስለቅስም አለ። የጠፋው ንግግርህ አይደለም፣ እኛ ነን የጠፋነው አልኩት። ለእኔ ለእንግዳዋ ብለህ አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፤ እንግዳ ሲለምን እምቢ ማለት ለእሱም እንደ እኛው ይከብደዋል። እሺ አለ፣ ግን ደስ ሳይለው።

ማክሰኞ ስንደርስ ኦወን እንደገና ሾርባ ሠርቶ ጠበቀን። ዛሬ ማንም ሳሎን አልቀረም። ዘይነባ ከእማማ ኔስታ በስተቀኝ፣ ፓም በስተግራ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ። ኢማን ታብሌቱን ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ ሌሎቹ የቡድናችን ሰዎች ከየአገራቸው በመስኮቶቻቸው ብቅ ብለዋል። ኦወንን ዝቅተኛ በርጩማ አመጣንለትና ከእናቱ ጉልበት አጠገብ ተቀመጠ። ያጠናኸውን ተወው፣ ያየኸውን ብቻ በል አልኩት።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «ዛሬ ፀሐይ አለ» አለ በዌልሽ።

«አብሽር» አልን።

«ሾርባ ሠርቻለሁ።»

«አብሽር።»

«ጨው አብዝቼበታለሁ።»

ኢማን ከሁላችንም በላይ ጮክ ብላ «አብሽር» አለች፤ የአያቶቿ ቃል በሙሉ አፏ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እማማ ኔስታ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። እኛ ስንቀበል ከአንዱ ወደ አንዱ ያያሉ፤ ኦወን ሲናገር ወደ እሱ ይመለሳሉ። ስለ ዛፉ ተናገረ፣ ስለ ወፎቹ ተናገረ፤ ቃል ሲያጣ ዝም ይላል፣ እኛም ዝም እንላለን፣ ሲያገኘው እንቀበለዋለን። አንድ ጊዜ ዝምታው ረዘመ፤ የእሑዱ ዓይነት ዝምታ። የዘይነባ እጅ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ኦወን ግን አልተነሳም። ባናውን በጣቱ ነካ።

«ይህ የበግ ነው» አለ።

እኛ አፋችንን ሳንከፍት እማማ ኔስታ ባናውን በጣቶቻቸው ያሹት ጀመር። «የጥሩ በግ ነው» አሉ። ዘይነባ ከዚያ ወዲህ ማድረቂያዋን እንዴት እንዳመሰገነች ተዉት።

«እጅሽ ይሞቃል» አላቸው ኦወን።

«አብሽር» አልን፤ የእኔ ድምፅ አልወጣም፣ ሌሎቹ ሸፈኑልኝ።

እማማ ኔስታ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ልጃቸው መሆኑን አላወቁም፤ ዓይናቸው ላይ ይታያል። የሚያዩት ቋንቋቸውን የሚያወራ አንድ ደግ ሰው ነው። «ጥሩ ትናገራለህ» አሉት። «የማን ልጅ ነህ?»

ለካ ዌልስም ሰው የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ኦወን ወደ እኛ ዞረ። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም አላቀበለውም። ወደ እናቱ ተመለሰ።

«የኔስታ ልጅ ነኝ።»

እማማ ኔስታ ስሙን የሚያውቁት ሰው ስም ይመስል ቆየት ብለው አሰቡ። ከዚያ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ፊታቸው በራ።

«ታድላ» አሉ። «እንዲህ የሚያወራ ልጅ ያላት ሴት፣ ታድላ።»

የታደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነበር የፈለገው ኦወን። ከአፉ የወጣው ዌልሽ ግን ስህተት ነበረበት። ማናችንም እስከ ዛሬ አላረምነውም።